ሮይ ኪን የሚቆጣው ለምንድን ነው?

የእህቴ ልጅ 16 ዓመቱ ነው። የማንቼ (የማንችስተር ዩናይትድ) ደጋፊ ነው፤ ዕድሉ ሆኖ ደህናውን ዘመን አልደረሰበትም። ሮይ ኪንን ግን አሳምሮ ያውቀዋል። የሚያውቀው በስልኩ ነው። ፂሙ የሸበተ ሰውዬ እጁን አጣምሮ ተቀምጦ አንዱን ተጫዋች ያብጠለጥላል፣ አጠገቡ ያሉት ይስቃሉ፣ ቪዲዮው ያልቃል። ቀጥሎ ሌላ ይመጣል። ባለፈው እንዲህ ሲያይ ቆየና «ይሄ ሰውዬ ግን ሜዳ ላይ እንዴት ነበር? ዝም ብሎ ሰው የሚማታ ነበር አይደል?» አለኝ።

እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለም። የዩናይትድ አምበል የነበረው ኪን ጫማ የሰቀለው በ2006 ነው (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። ከዚያ ወዲህ ለተወለደ ልጅ ሮይ ኪን ማለት ቁጣ ነው። በጁን 2020 ኳስ ከኮሮና በኋላ ሲመለስ ዩናይትድ ከቶተንሃም ጋር ይጫወት ነበር። የዩናይትዱ ግብ ጠባቂ ዴ ሂያ አንድ ጎል ገባበት። ኪን እረፍት ላይ በስካይ ስፖርት ስቱዲዮ ተቀምጦ፣ እኔ ብሆን አውቶቡሱ ላይ አላሳፍረውም፣ በታክሲ ይመለስ እስከማለት ደረሰ። ቪዲዮው እስካሁን ይዞራል። ዩናይትድ በተሸነፈ ቁጥር ደግሞ «ቡድኑ መሪ የለውም፣ ኪን የለውም» የሚለው ክርክር አብሮ ይነሳል።

ክርክሩ አንድ ነገር ያምታታል። መሪነትን ከጩኸት ጋር አንድ ያደርገዋል። የኪንን የተጫዋችነት ዘመን መለስ ብሎ ላየው ሰው ግን ቁጣው በየአቅጣጫው የሚበተን አይደለም። ሕይወቱን ሙሉ የሚያናድደው አንድ ነገር ነው፦ ሳይዘጋጁ መምጣት። ትልቅ ተጫዋች ያደረገው ይሄ ነው። ከአገሩ ቡድን ያጣላው፣ ከክለቡ ያስወጣው፣ አሰልጣኝነቱንም ያበላሸበት ይኸው ነው።

ነገሩ ፍንትው ብሎ የታየው በሜይ 2002 ነው። አየርላንድ ለኮሪያና ጃፓኑ የዓለም ዋንጫ አልፋለች። ያለፈችበት መንገድ ቀልድ አልነበረም፤ ምድቡ ውስጥ ሆላንድና ፖርቹጋል ነበሩ። በሴፕቴምበር 2001 ደብሊን ላይ፣ በ10 ሰው፣ ሆላንድን 1 ለ 0 አሸነፈች። ጎሉን ያገባው ጄሰን ማክአቲር ነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ግን ጨዋታው ገና እንደተጀመረ ኪን ማርክ ኦቨርማርስ ላይ የገባውን ታክል ነው። ኦቨርማርስ ተነሳ፣ ስታዲየሙ ጮኸ፣ የዚያን ቀን ጨዋታ መንፈስ እዚያው ተወሰነ። አምበሉ እሱ ነበር።

ቡድኑ ጃፓን ከመግባቱ በፊት ሳይፓን ላይ አረፈ። ሳይፓን በአሜሪካ ሥር ያለች የፓስፊክ ደሴት ናት፤ ሰው ለሽርሽር የሚሄድባት። ሐሳቡ ተጫዋቾቹ ትንሽ ተዝናንተው፣ አየሩንም ለምደው እንዲሄዱ ነበር። ኪን ሲደርስ ኳስ የለም። የልምምድ ትጥቅ የለም። ዕቃው ገና አልመጣም። ሜዳው ውሃ ነክቶት የማያውቅ የሚመስል ደረቅ መሬት ነው፤ እሱ ከመኪና ማቆሚያ ጋር አመሳሰለው። እርስ በርስ ግጥሚያ ሊደረግ ሲል ደግሞ ግብ ጠባቂዎቹ በልምምድ ደክመዋል ተብሎ አልገቡም። የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም።

ሌሎቹ ተጫዋቾች ቀለዱበትና አለፉት። ይሄም ምክንያት አለው። አየርላንድ ትንሽ አገር ናት፤ ዓለም ዋንጫ ላይ መገኘቷ ራሱ እንደ ድል ይቆጠር ነበር። በ1990 ሩብ ፍጻሜ ስትደርስ አገሩ በደስታ አብዶ ነበር። ኪን ይህን ስሜት አይችለውም። በ2000 አምስተርዳም ላይ ሆላንድን 2 ለ 0 ሲመሩ ቆይተው 2 ለ 2 ወጡ። ጓደኞቹ በአቻ ውጤቱ ሲደሰቱ እሱ ተናደደ። ለእሱ ሁለት ነጥብ ጥለዋል። ደግሞም ይሄ ሰው በየቀኑ ልምምድ የሚሠራው ኬሪንግተን ነው፤ ዩናይትድ በ2000 በከፈተው አዲሱ የልምምድ ማዕከል። እዚያ ሁሉም ነገር በሰዓቱ ነው። ከዚያ መጥቶ ኳስ የሌለበት ሜዳ ላይ ቆመ።

መጀመሪያ «ልሂድ» አለ። ከዚያ ሐሳቡን ቀየረና ቀረ። ነገሩ ግን አልበረደለትም፤ ለአይሪሽ ታይምስ ጋዜጣ ሁሉንም ዘረገፈው። አሰልጣኙ ሚክ ማካርቲ ጋዜጣውን ይዞ መጣና በቡድኑ ሁሉ ፊት አፋጠጠው። ከወራት በፊት ቴህራን ላይ ከኢራን ጋር ከነበረው የመልስ ጨዋታ በጉዳት መቅረቱንም አነሳበት። ሌላ ሰው ላይ ብትናገረው ምናልባት ያልፍ ነበር። ኪንን «ጉዳት አስመስለሃል» ማለት ግን ክብሪት መጫር ነው። እዚህ ልጽፈው የማልችለውን ስድብ ሁሉ አወረደበት። ሜይ 23 ቀን ወደ ቤቱ ተላከ። ተተኪ የማስመዝገቢያው ጊዜ አልፎ ስለነበር አየርላንድ ዓለም ዋንጫውን በ22 ተጫዋች ጀመረች።

አገሩ ለሁለት ተከፈለ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ በርቲ አኸርን ሳይቀሩ ላስታርቅ ብለው ነበር። ኪን ማንችስተር ተመልሶ ትሪግስ የምትባለውን ላብራዶር ውሻውን ይዞ ሲንሸራሸር ጋዜጠኛና ፎቶ አንሺ ይከተለው ጀመር። ትሪግስ ከብዙዎቹ የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች በላይ ታዋቂ ሆነች።

ታዲያ ማን ልክ ነበር? አየርላንድ ያለ እሱ ከካሜሩንም ከጀርመንም 1 ለ 1 ወጣች፣ ሳዑዲ ዓረቢያን 3 ለ 0 አሸነፈች፣ በስፔን ደግሞ በመለያ ምት ተሸንፋ ከውድድሩ ወጣች። «ያለ እሱም ይቻላል» ያሉ ብዙ ነበሩ። ከውድድሩ በኋላ ግን ፌዴሬሽኑ ራሱ ጄኔሲስ የተባለ አማካሪ ድርጅት ቀጥሮ ጉዳዩን አስጠና። ጥናቱ የፌዴሬሽኑን የዝግጅት ጉድለት በግልጽ አስቀመጠ። ዋና ጸሐፊው ብሬንዳን ሜንተን ሥራቸውን ለቀቁ። ማካርቲም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ለቀቀ። ኪን በነገሩ ልክ ነበር ማለት ነው። በአነጋገሩ ግን አልነበረም። አንድ አሰልጣኝ በ22 ተጫዋች ፊት እንደዚያ ከተሰደበ በኋላ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል? እኔ በማካርቲ ቦታ ብሆን እኔም አባርረው ነበር። አባርሬው ግን ኳሶቹ የት እንዳሉ ለማወቅ ስልክ እደውል ነበር።

ይሄ ጠባይ ከየት መጣ? ኪን በ1971 ኮርክ ከተማ ነው የተወለደው፤ ሜይፊልድ የሚባል የሠራተኛ ሰፈር። ልጅ ሆኖ ቦክስ ይጫወት ነበር። ኳስ ላይ ደግሞ አጭርና ቀጭን ነህ እየተባለ ተመለሰ። ለእንግሊዝ ክለቦች የሙከራ ዕድል ስጡኝ እያለ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር። የእሱ እኩዮች እንግሊዝ ገብተው ሲሠለጥኑ እሱ በ1989 ኮብ ራምብለርስ ለሚባል ትንሽ ክለብ ፈረመ። ጎን ለጎን በመንግሥት የሥራ ሥልጠና ውስጥ ገባ። በ18 ዓመቱ ሰው ያልፈለገው ልጅ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ዕድሉን ሲያገኝ አያባክናትም፤ የሚያባክኑትን ሲያይም ይናደዳል።

በ1990 ኖቲንግሃም ፎረስት በ47 ሺህ ፓውንድ ወሰደው። አሰልጣኙ ብሪያን ክላፍ ነበር። ክላፍ ልጁን ብዙ ሳያስጠብቅ አንፊልድ ላይ በሊቨርፑል ፊት አሰለፈው። ቀላል ሰው አልነበረም። አንዴ ኪን የሰጠው የኋላ ኳስ ጎል አስከተለና ክላፍ መልበሻ ክፍል ውስጥ በቡጢ መታው። ዛሬ ቢሆን ፍርድ ቤት ያስኬዳል። ኪን ግን ዛሬም ክላፍን በፍቅር ነው የሚያነሳው። ክላፍ ያስተማረው ነገር ቀላል ነበር፦ ኳሱን ተቀበል፣ ለራስህ ሰው አቀብል፣ ተንቀሳቀስ። ይህቺን ያዙልኝ፤ ቱሪን ላይ እንገናኛለን።

ፎረስት በ1993 ወረደ። ኪንን ሁሉም ፈለገው። ከብላክበርኑ አሰልጣኝ ከኬኒ ዳልግሊሽ ጋር ተስማምቶ ጨርሶ ነበር። ቀኑ ዓርብ ነው፤ የሚፈረመው ወረቀት አልተዘጋጀም፣ ቢሮ ውስጥ ሰው የለም። «በቃ ሰኞ እንፈርማለን» ተባባሉ። ቅዳሜና እሁዱ ሳያልቅ የዩናይትዱ አሰልጣኝ አሌክስ ፈርጉሰን ደወለለት። ኪን በ3.75 ሚሊዮን ፓውንድ ዩናይትድ ገባ፤ ለጊዜው የእንግሊዝ የዝውውር ክብረ ወሰን ነበር። ብላክበርን በ1995 ሊጉን ቢወስድም እንደ ኪን ያለ ሰው በአንዲት ወረቀት ማጣት ያንገበግባል። ዝግጅት ይሏል ይሄ ነው።

ከዚያ 12 ዓመት ነው። 480 ጨዋታ፣ 51 ጎል፣ 7 የሊግ ዋንጫ፣ 4 ኤፍኤ ካፕ። ካንቶና ጫማ ሲሰቅል በ1997 አምበልነቱ ለእሱ ሆነ። በ2000 የተጫዋቾች ማኅበሩም የጋዜጠኞች ማኅበሩም የዓመቱ ምርጥ ብለው መረጡት። ቁጥሩን እዚህ ልተወው፤ ስለ ጨዋታው ላውራ።

የእህቴ ልጅ «ይማታ ነበር» ሲል ተሳስቷል ብዬ አልከራከርም። በፕሪሚየር ሊግ ብቻ 7 ቀይ ካርድ አለው። ግን ኪንን ልዩ ያደረገው ኳስ መንጠቁ አይደለም። ኳስ የሚነጥቅ አማካይ ሞልቷል። ልዩነቱ ከነጠቀ በኋላ ባለችው ሁለት ሰከንድ ውስጥ ነው። ኪን ኳሱ ሳይደርሰው አንገቱን ዞር አድርጎ ያያል። ሲደርሰው የት እንደሚሰጥ ወስኗል። ኳሱ ፈጣን ነው፣ መሬት ለመሬት ነው፣ ወደፊት ነው። ስኮልስ የ40 ሜትር ኳስ ይሰጥና ሰው ያጨበጭባል። ኪን የ10 ሜትር ኳስ ይሰጣል፤ ማንም አያጨበጭብም። ቡድኑ ግን አምስት ሜትር ወደፊት ሄዷል። ያን ጊዜ ዩናይትድ በ4-4-2 ነው የሚጫወተው። መሐል ላይ ሁለት ሰው ብቻ። ጊግስና ቤካም በክንፍ፣ ስኮልስ ወደፊት። ቀሪው ሜዳ የማን ነው? የኪን።

ኤፕሪል 21፣ 1999። ቱሪን፣ ከጁቬንቱስ ጋር የሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜ የመልስ ጨዋታ። ኦልድ ትራፎርድ ላይ 1 ለ 1 ወጥተዋል። ጨዋታው በተጀመረ በ11 ደቂቃ ውስጥ ፊሊፖ ኢንዛጊ ሁለት አገባ። ጁቬንቱስ ውስጥ ዚዳን አለ፣ ዳቪድስ አለ፣ ዴሻን አለ። ብዙ ቡድን እዚያ ላይ ይፈርሳል። በ24ኛው ደቂቃ ቤካም የማዕዘን ምት መታ፤ ኪን ሮጦ ገብቶ በጭንቅላቱ ጎል አደረገው። ሲያገባ አልጨፈረም። ዞሮ ወደ ሜዳው አጋማሽ ሮጠ፤ ሥራ አልጨረሰም። በ33ኛው ደቂቃ ዚዳን ላይ ጥፋት ሠራና ቢጫ አየ። ያቺ ቢጫ ቀጣዩን ጨዋታ የምታስቀር ናት። ቡድኑ ቢያልፍ ፍጻሜው እሱን አይጨምርም ማለት ነው።

ጨዋታው 3 ለ 2 አለቀ፤ ዩናይትድ አለፈ። ፈርጉሰን ያን ምሽት ከዚህ በላይ ራሱን ለቡድን የሰጠ ተጫዋች አላየሁም በሚል መንፈስ ደጋግመው ጽፈውታል፤ ተናግረውታል። ባርሴሎና ላይ ባየርን በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች 2 ለ 1 ሲሸነፍ ኪንም ስኮልስም በሙሉ ልብስና በክራቫት ዳር ሆነው ነበር። ኪን ያን ሜዳሊያ የኔ ነው ብሎ አያወራም። ይልቅ በዚያው ዓመት ቶኪዮ ላይ ፓልሜራስን ያሸነፉበትን ብቸኛ ጎል ያገባው እሱ ነው፤ እሷን ግን ማንም አያነሳትም።

በኖቬምበር 2000 ደግሞ በገዛ ደጋፊው ላይ ዞረ። ዩናይትድ ዲናሞ ኪየቭን 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ፣ አንዳንዶቹ ስታዲየም የሚመጡት ለሽሪምፕ ሳንድዊቻቸው ነው፣ ሜዳው ላይ ያለውን አያውቁም አለ። ልብ በሉ፣ አሸንፈው ነው። የሽሪምፕ ሳንድዊቿ ነገር በእንግሊዝኛ ዛሬም የሀብታም ተመልካች መጠሪያ ሆና ቀርታለች።

እኛ አገር ኪንን ያወቅነው ግን በአርሰናሉ አምበል በቪዬራ በኩል ነው። በዚያ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ወይ አርሰናል ነው ወይ ማንቼ፤ ሌላው ቀልድ ነው። ፌብሩዋሪ 1፣ 2005 ሃይበሪ ላይ ገና ሜዳ ሳይገቡ ኮሪደሩ ውስጥ ቪዬራ ጋሪ ኔቭልን ሊያስፈራራ ሞከረ። ኪን ከኋላ መጥቶ ጣቱን እየቀሰረ «ሜዳ ላይ እንገናኝ» አለው። ዳኛው ግሬሃም ፖል መሐል ገባ። ቪዬራ የመጀመሪያውን ጎል አገባ፤ ዩናይትድ 4 ለ 2 አሸነፈ። አርሰናሎች እንዳይከፋችሁ፦ በዚያው ሜይ ካርዲፍ ላይ በኤፍኤ ካፕ ፍጻሜ ዩናይትድን የገደለችው የመጨረሻዋ መለያ ምት የቪዬራ ነበረች፤ ለአርሰናል የመታት የመጨረሻ ኳስ እሷ ናት። ሁለቱም በዚያው ዓመት ሄዱ። እንደነሱ ያለ ጥንድ ሊጉ ውስጥ እስካሁን አላየሁም።

አሁን ደግሞ ጠቆር ያለው ገጽ። በሴፕቴምበር 1997 ሊድስ ላይ ኪን አልፍ ኢንጌ ሃላንድን ሊጠልፍ ሲሞክር የራሱን የጉልበት ጅማት በጠሰ። ሃላንድ አናቱ ላይ ቆሞ «ተነስ፣ አታስመስል» አለው። አያችሁ? ያቺው ቃል፣ ማስመሰል። ኪን ዓመቱን ሙሉ አልተጫወተም። በኤፕሪል 2001 የማንችስተር ደርቢ ላይ፣ ያኔ ለሲቲ ይጫወት የነበረውን ሃላንድን ጉልበቱ ላይ ረገጠው። ቀይ ካርድ። በ2002 በወጣው ግለ ታሪኩ ሆን ብሎ እንዳደረገው የሚያስመስል ነገር ሲያሰፍር ተጨማሪ የ5 ጨዋታ እገዳና የ150 ሺህ ፓውንድ ቅጣት ተጣለበት። ብዙ ሰው የሃላንድን እግር ኳስ ኪን ጨረሰው ይላል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም፤ ሃላንድን ለረጅም ጊዜ ያስቸገረው ግራ ጉልበቱ ነው፣ የተረገጠው ቀኙ ነው። ይሄ ግን ድርጊቱን አያነጻውም። አስቀያሚ ነበር። ያን ቀን ገና ዓመት ያልሞላው የሃላንድ ልጅ ኤርሊንግ ዛሬ ለዚያው ለማንችስተር ሲቲ ጎል ያመርታል።

ከዩናይትድ የወጣው በሳይፓን መንገድ ነው። በኦክቶበር 2005 ሚድልስብራ 4 ለ 1 ከደበደባቸው በኋላ የክለቡ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ የቡድን ጓደኞቹን ስም እየጠራ ወቀሰ። ፕሮግራሙ ሳይተላለፍ ቀረ። በኖቬምበር ተሰናበተ። ሴልቲክ ሄዶ የመጀመሪያ ጨዋታውን በክላይድ ተሸነፈ፣ የስኮትላንድን ሊግ ወሰደ፣ ዳሌው እምቢ ሲለው አቆመ።

አሰልጣኝነቱ በደንብ ነው የጀመረው። በ2006 ሰንደርላንድን ከታች አንስቶ በዚያው የውድድር ዘመን ሻምፒዮን አድርጎ ፕሪሚየር ሊግ አስገባ። አንድ ቀን ወደ ባርንስሊ ሲሄዱ ሦስት ተጫዋቾች ዘገዩ። አውቶቡሱን አስነስቶ ሄደ። አሸነፉ። ያን ሰሞን ሁሉም ወደደለት። ችግሩ አውቶቡስ ማስነሳት የሚሠራው ለተወሰነ ጊዜ መሆኑ ነው። በዲሴምበር 2008 ለቀቀ፤ ኢፕስዊች ላይም አልተሳካለትም። ከማርቲን ኦኒል ጋር የአየርላንድ ምክትል ሆኖ በ2016 የአውሮፓ ዋንጫ ጣልያንን 1 ለ 0 አሸንፈዋል፤ ያኔ ግን ዋናው እሱ አልነበረም። እንደኔ ግምት ኪን ያልገባው፣ ብዙ ተጫዋች ራሱን በራሱ የማያነሳ መሆኑ ነው። ፈርጉሰን አንዱን ይጮህበታል፣ ሌላውን ስለ እናቱ ጤና ይጠይቀዋል። ኪን ሁሉንም እንደራሱ ነው ያያቸው።

ዛሬ ቢጫወትስ? ሰው ሁሉ በቀይ ካርድ ያልቃል ይላል። አይመስለኝም። በ2002 ዳሌው ላይ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት በኋላ ራሱ ቀዝቅዞ፣ ወደኋላ ጠጋ ብሎ፣ በቦታ አያያዝ መጫወት ጀምሮ ነበር። ዛሬ አሰልጣኞች የሚፈልጉት ሰው ሲጫናቸው ኳስ ተቀብለው ወደፊት የሚያወጡ አማካዮችን ነው። ኪን በአንድ ንክኪ ያደርገው ነበር። የሚቸገረው ቫር (በቪዲዮ የሚታገዘው ዳኝነት) ላይ ነው፤ ዳኛው ስክሪን ሊያይ ሲሄድ ኪን ዳር ቆሞ በትዕግሥት ሲጠብቅ አልታየህ ይለኛል።

የእህቴን ልጅ አስቀምጬ የቱሪኑን ጨዋታ ከፈትኩለት። ስልኩን ነጥቄ፣ በቴሌቪዥን። በ33ኛው ደቂቃ ዳኛው ቢጫውን ሲያወጣ «አሁን ይጮሃል» አለና ተጠጋ። ኪን ዳኛውን ትንሽ ቀና ብሎ አየውና ዞረ። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዮርክ አቻ አደረገ። ልጁ ግን አሁንም ቢጫው ላይ ነው። «ምንም አላለም እኮ» አለኝና ወደኋላ መልሶ እንደገና አየው።